ስለ መቶ አሥራ ሦስት በመቶ እና ስለ ሁለት ቅል ባቄላ

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ ፳፭ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ደሳለኝ
የትምህርት ዕቅድና ስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። የዘንድሮው ክረምት ጉልበትዎን እንዳልነካው፣ የቢሮዎ መስኮት ብርድ እንደማያስገባ፣ አዲሱ የኤግዚቢሽን አዳራሽም በዚህ ሁሉ ዶፍ አንዲት ጠብታ እንደማያፈስ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ አዳራሹ ጣራ ከሌላው ሁሉ አብልጬ የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ፤ እሱን በቦታው አቀርባለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ የሰማሁትን አንድ ወሬ ላርም። አለምወርቅ በስተርጅና ጠጠር ጣይ ሆነች፣ ቅል በአንገቷ አንጠልጥላ በጉና ሥር ከቤት ቤት እየዞረች ባቄላና አተር ትበትናለች፣ ለእናቶችም የልጆቻቸውን ዕድል ትናገራለች ይባላል አሉ። ወሬው ከእርስዎ ቢሮ ደጃፍ ተነሣ ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን እዚያ ያሉት ሠራተኞች በቁጥር ሥራ ተጠምደው ስለሚውሉ ለወሬ ጊዜ ይተርፋቸዋል ብዬ ለማመን አልቻልሁም። እርማቱ የሚከተለው ነው። ቅሉ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የተንጠለጠለውም በአንገቴ ሳይሆን በበቅሎ ኮርቻ ላይ ነው። ባቄላውን አልበተንሁም፣ ቆጠርሁት። ዕድልም አልተናገርሁም፤ የእነዚያን ልጆች ዕድል እኔ ከመድረሴ በፊት የእርስዎ ክፍል በቀይ ቀለም ጽፎ ጨርሶት ነበር።

ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ፣ ሰፊው ሕዝብ ሂስ እንዲያቀርብ በሚጋበዝበት ዓምድ ሥር ለጥፌዋለሁ። ከታኅሣሥ ወዲህ እዚያ የወጣው ሂስ የጽዳት ሠራተኛዋ ደረጃውን ዘግይታ መጥረጓን የሚመለከት አንድ ብቻ ስለሆነ ቦታ አላጣሁም። ቆመው ለሚያነቡትና ለማያውቁኝ ሰዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ከጠላት ወረራ በፊት በአዲስ አበባ በሴቶች ትምህርት ቤት የተማርሁ፣ ከነጻነት በኋላ በዚችው ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ ጡረተኛ ነኝ። ጓድ ኃላፊ በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበሩ። ያን ጊዜ «አንተ» እላቸው ነበር፤ ዛሬ በማዕረጋቸው ደስ እያለኝ «እርስዎ» እላለሁ። አንድ ቀን ስለ አንድ ገበሬ በሰጠኋቸው ጥያቄ ላይ ሰውዬው ካሉት በጎች ስድስት አምስተኛውን ሸጠ ብለው ስለ መለሱ፣ «ክፋይ ከሙሉው አይበልጥም» የሚለውን ሃምሳ ጊዜ እንዲጽፉ አዝዣቸው ነበር። ሃምሳ ላይ በማቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በተሠራው አዳራሽ ውስጥ ክፍልዎ ያሳለው ትልቅ ሠንጠረዥ ተሰቅሏል። ከቀበሌዎቹ ሁሉ ረጅሙ ቀይ ዐምድ የአስታ ውሃ ነው፤ ከሥሩም «የትምህርት ሽፋን መቶ አሥራ ሦስት በመቶ፣ ከዕቅድ በላይ ተጠናቋል» የሚል ተጽፎበታል። የአስታ ውሃ ቀበሌ ሁለት መንደር መሆኑን ሠንጠረዡ አይናገርም። ታችኛው ትምህርት ቤት ያለው አስታ ውሃ ነው። ላይኛው ጅብራ ሜዳ ነው፤ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ማዶ፣ በጉና ወገብ ላይ፣ ገብስና ድንች ከበጎች ጋር ብርድ የሚካፈሉበት አገር። የጅብራ ሜዳ ሰዎች ለሦስት ክፍል ትምህርት ቤት የሚሆን ድንጋይ በራሳቸው እጅ ፈልጠው ግድግዳውን አቁመዋል፤ የጣራውን ወራጅ በትከሻቸው ተሸክመው አውጥተው መትተዋል። የቀራቸው ክፍልዎ ቃል የገባላቸው ቆርቆሮ ብቻ ነበር። እኔም ቤቱ በመስከረም ከተከፈተ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ደመወዝ ላስተምር ቃል ገብቼላቸው ስለነበር በሚያዝያ ወር ጠርተውኝ ሄድሁ። ያን ዕለት በስብሰባው ላይ የተነበበው ግን የእርስዎ ደብዳቤ ነው። የቀበሌው ሽፋን መቶ አሥራ ሦስት በመቶ ስለ ደረሰ ተጨማሪ ትምህርት ቤት አያስፈልግም፤ ቆርቆሮውም ለሌላ አገልግሎት ይውላል ይላል።

ፈንታሁን የሚባል ገበሬ ተነሥቶ፣ «መቶው የኛ ልጆች ይሁኑ እሺ፤ አሥራ ሦስቱ የማን ናቸው? የጎረቤት ከሆኑ ለእናቶቻቸው ይመለሱላቸው እንጂ፣ በሰው ልጅ መጠየቅ አለ» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ፈንታሁንን አውቀዋለሁና። የማሬ አባት ነው። ማሬ አሥር ዓመቷ ነው፤ ለጥር ተጠይቃለች። ፈንታሁን ልጁን ለመዳር የሚቸኩል ክፉ ሰው አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ በመስከረም ከተከፈተ ልጄ ትማራለች፣ ካልተከፈተ በጥር ውሰዷት ብሎ ለጠያቂዎቹ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቷል። ይህን ቃል ሲሰጥ የግድግዳው ድንጋይ ወገቡን አልፎ ስለነበር ትምህርት ቤቱ እንደሚከፈት አልተጠራጠረም። እንግዲህ ጓድ ኃላፊ፣ ብዙ ሹማምንት ብዙ ነገር ቆርጠዋል፤ በሠንጠረዥ የሠርግ ቀን የቆረጡ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም። እንኳን ደስ ያለዎት።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

፩ኛ። ከመስመሩ በታች ስላለው ቁጥር። ክፍልዎ በቀበሌው ውስጥ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸው ልጆች ሁለት መቶ አርባ ስምንት ናቸው ይላል። ይህን ያመጣልዎት ቆጣሪ ከበቅሎው ሳይወርድ በየደጁ እየቆመ «ስንት ልጅ አለሽ?» እያለ በሁለት ቀን ጨርሶ ተመልሷል፤ ለፍጥነቱ ምስጋና ይገባዋል። እርስዎ ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ ፋርጣ ስለሆነ በኛ አገር እናት ልጆቿን እንደማትቆጥር አያጡትም። ልጅ በቁጥር ከተጠራ ዐይን ይበላዋል ይባላል፤ እኔ ባላምንበትም እናቶች ያምኑበታል፣ የሚጠየቁትም እነሱ ናቸው። የእርስዎ እናት ራሳቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለምዝገባ ስንት ልጅ አለዎት ብዬ በጠየቅኋቸው ጊዜ «እግዜር ያቆየልኝን ያህል» ነው ያሉኝ። የማሬ እናት ዘነበች አምስት ልጆች አሏት፤ ለቆጣሪው ሁለት አለችው። ኋላ ለምን እንደዚያ እንዳለች ብጠይቃት፣ «እመይቴ፣ በቅሎ ላይ ሆኖ ለሚጠይቅ ሰው ሁለቱም በዝቶበታል» አለችኝ። ስለ ጎረመሱ ወንዶች ልጆች እናቶች ቁጥር የሚያጎድሉበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን እኔ አልጽፈውም፣ እርስዎም አይጠይቁኝ።

እኔ በግንቦት ወር፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ ሁለት ቅል ይዤ ተመለስሁ፤ አንዱ ለአስታ ውሃ፣ አንዱ ለጅብራ ሜዳ። ለእያንዳንዷ እናት ልጆችሽን አልቆጥርም፣ ስማቸውንም አልጠይቅም፣ የወተት ጥርሱ ከወለቀው ጀምሮ ከአባቱ እኩል ማጨድ እስካልጀመረው ድረስ፣ ትምህርት ቤት ለሚውለው ልጅሽ አንድ አተር፣ ለማይውለው አንድ ባቄላ ከጓዳሽ አምጥተሽ እኔ ፊቴን አዙሬ ሳለሁ በቅሉ አንገት ጣይ አልኋት። እንግዲህ ጠጠር ጣይ ያሰኘኝ ይህ ነው። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በቤቴ ገበታ ላይ ዘርግፌ ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት፤ ሦስቱም ጊዜ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፍሬ ሆነ። ዕድሜን በጥርስና በማጭድ መለካት ፍጹም ስላይደለ አሥር አሥራ አምስት ፍሬ ልሳሳት እችላለሁ። የስሕተቴን መጠን የጻፍሁት ከእርስዎ ሠንጠረዥ ላይ ይህ መስመር ተረስቶ ስላየሁ ነው።

፪ኛ። ከመስመሩ በላይ ስላለው ቁጥር። የተመዘገቡት ተማሪዎች ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ ናቸው ተብሏል። መዝገቡን ከየት አገኘሽው እንዳይሉኝ፣ በአዳራሽዎ ጠረጴዛ ላይ ለጎብኚ ተዘርግቷል፤ መነጽሬን አድርጌ ሁለት ቀን ጎበኘሁት። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወንዙ እስኪጎድል፣ የትምህርት ቤቱ መምህር ላቀው የመጡትን ልጆች በቤት በሚጠሩበት ስም መዝግቧል። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ደግሞ ኮታ ሙላ ሲባል፣ ያለው ሌላ የልጆች ዝርዝር የቤተ ክርስቲያኑ የክርስትና መዝገብ ብቻ ስለነበር፣ ከዚያ ላይ የልጆቹን የክርስትና ስም ከነአባታቸው የክርስትና ስም ገልብጦ ላከ። ክፍልዎም ሁለቱን ዝርዝሮች ተቀብሎ በጥንቃቄ ደመራቸው። በዚህ ዓይነት ስድሳ ዘጠኝ ልጆች ሁለት ሁለት ሰው ሆነዋል። ቤተ ክህነት ለሶሻሊስት ዕቅድ ያደረገችውን አስተዋጽኦ በሠንጠረዡ ግርጌ አለመጥቀስዎ ትሕትና ይመስለኛል።

ማሬ ራሷ በመዝገቡ ላይ ሁለት ናት፤ በአንድ ገጽ ማሬ ፈንታሁን፣ በሌላው ወለተ ጊዮርጊስ ገብረ ሥላሴ። ማሬ ወደ ሁለተኛ ክፍል አልፋለች። ወለተ ጊዮርጊስ ተዛውራለች። ልጅቱ ግን በዓመቱ ውስጥ አስታ ውሃ ትምህርት ቤት የዋለችው አንድ ቀን ነው፤ እሱም አባቷ ለምዝገባ በትከሻው ተሸክሞ ወንዙን ያሻገራት ዕለት። አንድ ፊደል ሳታውቅ ያለፈችም፣ ሳትሄድ የተዛወረችም እሷው ናት። ከስድሳ ዘጠኙ ሌላ፣ ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት የሚማሩ ሠላሳ አንድ ጎልማሶች ከልጆቹ ጋር ተቆጥረዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ የልጅ ልጅ ያላቸው አባት ናቸው፣ በመዝገቡ ላይ ዕድሜያቸው ስምንት ተብሏል፣ ስነግራቸውም እጅግ ደስ ብሏቸዋል። ሃያ ሰባቱ እንደ ማሬ ለምዝገባ ብቻ መጥተው የቀሩ ናቸው። ይህን ሁሉ ከሁለት መቶ ሰማንያ አንድ ቢቀንሱ አንድ መቶ ሃምሳ አራት ይቀራል። ከቅሌ የወጣው አተርም አንድ መቶ ሃምሳ አራት ነው። መዝገብዎ ሲታጠብና የእናቶች አተር ሲቆጠር አንድ ቦታ መድረሳቸው እኔንም አስደንቆኛል። አንድ መቶ ሃምሳ አራት ለአራት መቶ አሥራ ሁለት ሲካፈል ሠላሳ ሰባት በመቶ ይሆናል። እባክዎ በወረቀት ይሞክሩት፤ እኔ እጠብቃለሁ።

፫ኛ። ስለ ርቀት። ክፍልዎ የቀበሌው ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት በአራት ኪሎ ሜትር ውስጥ ያገኛሉ ብሎ ካርታ ላይ ክብ ሥሏል። ክቡ ያማረ ክብ ነው። የሣለው እጅ የኔ ተማሪ መሆን አለበት። ነገር ግን ጥቁር ውሃ ክቡን መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ደግሞ ሰው ቀርቶ በሬ አያሻግርም። በበጋም ቢሆን ከጅብራ ሜዳ ወርዶ፣ ገደሉን ዞሮ፣ አስታ ውሃ ለመድረስ በበቅሎ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓቴ ለክቻለሁ። አሞራ ብቻ በአራት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከጅብራ ሜዳው ቅል መቶ ሃያ ስድስት ባቄላ ወጣ። አተር አልወጣም። ቅሉን ገልብጬ አራገፍሁት፣ በጣቴም ዳሰስሁት፤ አንድም አተር የለበትም።

፬ኛ። ስለ ብቃት። በሠንጠረዡ ላይ ያቋረጠ የለም፣ የደገመም የለም፤ ለአንድ መምህር አርባ ሰባት ተማሪ ይደርሳል። ያቋረጠ ያልተገኘው ያቋረጡት ሁሉ «ተዛወረ» ተብለው ስለ ተጻፉ ነው። ቀደም ብዬ ከቀነስኋቸው ስሞች ሃምሳ ስምንቱ በአንድ ዓመት ከአስታ ውሃ ተዛወሩ ማለት ነው፤ ወዴት እንደ ተዛወሩ የሚናገር አንድ የተቀባይ ትምህርት ቤት ወረቀት የለም። ከመካከላቸው አሥራ ዘጠኙ ሴቶች ወዴት እንደ ተዛወሩ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ወደ አማቶቻቸው ቤት። መምህራንን በተመለከተ ስድስት ተብለዋል። ሁለቱ ለትምህርት ከሄዱ ዓመት አልፏቸዋል፣ አንዱ ታሞ ጎንደር ነው፣ አንዱን ደግሞ በእርስዎ አዳራሽ ይህንኑ ሠንጠረዥ ቀይ ሲቀባ አግኝቼ ሰላምታ ተለዋውጠናል፤ ጨዋ ልጅ ነው። ሁለት ቀሩ። ለእያንዳንዳቸው ሰባ ሰባት ልጆች ይደርሷቸዋል። የደገመ እንዳይኖር ሁሉም ይለፍ ተብሎ የታዘዘውን መምህር ላቀውን ምን ተሰማህ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ጥያቄውን ለታዘዘው ሳይሆን ላዘዘው አስቀምጬዋለሁ።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳላዛባ የምቀበለውን ልናገር። ክፍልዎ ውስጥ ያለው ወጣት ባለሙያ በትዕግሥት ሲያስረዳኝ፣ ጥቅል ተሳትፎ የሚባለው መለኪያ ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆችን ከመስመሩ በላይ ቆጥሮ ከመስመሩ በታች ስለማይቆጥር ከመቶ ሊበልጥ ይችላል፤ ይህ የሒሳብ ስሕተት አይደለም አለኝ። ልክ ነው፤ አንድ ሰዓት አስቤበት ተቀብዬዋለሁ። እንግዲያው በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሃምሳ ጊዜ ያስጻፍሁዎት መቶ በመቶ እውነት ቢሆንም ለዚህ መለኪያ አይበቃም። ነገር ግን ይኸው ወጣት፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሰ ልጆች ብቻ ከላይም ከታችም የሚቆጠሩበት የተጣራ የሚባል ሌላ መለኪያ መኖሩንም ነገረኝ። የአስታ ውሃው የተጣራ ስንት ነው ስለው ጣራ ጣራ አየ። ደግሞም የሙቀት መለኪያ ሠላሳ ዘጠኝን ሲያሳይ ሐኪም በሽተኛው ከዕቅድ በላይ ሞቀ ብሎ አያጨበጭብም፤ ምን ነካው ብሎ ይመረምራል እንጂ። መቶ አሥራ ሦስት ሲወጣልዎት አንድ ሰው በቅሎ ጭነው መላክ ነበረብዎት። እርስዎ ግን ቀለም ቀቢ ላኩ። ቁጥርን አልጠላም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁት እሱን ነው። የተናደድሁትም ለዚሁ ነው፤ የገዛ መሣሪያዬን በልጅ ላይ ሲመዙት አየሁና።

፭ኛ። ስለ ጣራው። ቀደም ሲል ቀጠሮ ይዤለት ነበር። ለጅብራ ሜዳ ትምህርት ቤት ተመድቦ የነበረው ስድሳ አራት ቆርቆሮ በመጋዘን ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል፣ በእያንዳንዱ ላይ የመንደሩ ሰዎች በቀይ ቀለም «ጅ.ሜ.» ብለው ጽፈውበት ነበር። በአዳራሽዎ ውስጥ ሠንጠረዡን ስመለከት አንገቴ ደክሞኝ ቀና ብል፣ ከመቶ አሥራ ሦስቱ ዐምድ ራስ በላይ፣ ከወራጆቹ መካከል «ጅ.ሜ.»፣ «ጅ.ሜ.»፣ «ጅ.ሜ.» የሚል እስከ ግድግዳው ድረስ ተሰልፎ አየሁ። ትምህርት ቤት አያስፈልግም የሚለው ወረቀት በትምህርት ቤቱ ጣራ ሥር ከዝናብ ተጠልሎ ተሰቅሏል። የአስታ ውሃ ሰዎች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ። የጅብራ ሜዳዎቹ ግን ከእነሱ ይሻላሉ፤ ላማቸው የት እንዳለች ያውቃሉ፣ ማን እንደሚያልባትም አውቀዋል። የድንጋዩ ግድግዳ በዚህ ክረምት ራሱን ሳይከናነብ ውሎ ያድራል፤ በምሥራቁ በኩል ሁለት ክንድ ያህል ተንዷል ብለውኛል። እስከ መስከረም መጨረሻ ካልተሸፈነ ቀሪውም ይወርዳል፤ የፈንታሁንም ቃል ይጸናል።

የምለምንዎት ብዙ አይደለም። ሠንጠረዡን አይቅደዱት፤ ያማረ ሥራ ነው። ከአስታ ውሃው ዐምድ ላይ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ በነጭ ቀብተው ሠላሳ ሰባት ብለው ይጻፉበት፤ ቀለሙን እኔ አመጣለሁ። ያለፈውን ደብዳቤዎን የሚሽር አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ። በዓሉ መስከረም ሁለት ተከብሮ ሲያበቃ ስድሳ አራቱን ቆርቆሮ ያውርዱልን፤ የጅብራ ሜዳ ሰዎች እስከ መንደራቸው በጀርባቸው ያወጡታል፣ ወራጁ ላይ ለመምታትም ሦስት ቀን አይፈጅባቸውም። ይህ ሁሉ ከሆነ ትምህርት ቤቱ መስከረም ሳያልቅ ይከፈታል። ካልሆነ የሚሆነውን ስለ ነገርሁዎት አልደግመውም።

በመጨረሻ ላደረጉልኝ ነገር ሁሉ ማመስገን ይገባኛል። በስልሳ ስምንት ዓመቴ ጉናን በበቅሎ እንድወጣ ስላደረጉኝ፣ ከጡረታ ስንፍና ስላነቁኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ስንት ተማሪ እንዳልገባው የማላውቀውን ቢያንስ አንዱን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላልና፣ ሸክምዎ በየቀኑ እንዲቀልልዎት ከልቤ እመኛለሁ።

ለክፍልዎ ክብር፣ ለሠንጠረዡም ውበት ተገቢውን ሰላምታ እያቀረብሁ፣
በሁለት ቅልና በአንድ መነጽር የሚያገለግልዎት፣
አለምወርቅ ደስታ፣
ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት

ማስታወሻ። ደሳለኝ፣ ልጄ፣ ይችን ግድግዳ ላይ ብለጥፋትም ላንተ ብቻ ነው የምጽፋት። የማሬን ስም በሁለት ገጽ ላይ ሳየው ትዝ ያለኝ የአንተ እኅት ናት። ጥሩወርቅ ካንተ የተሻለች የሒሳብ ተማሪ ነበረች፤ በአርባ ስምንት ጥር ላይ ቀርታ እናትህን የት ሄደች ብላቸው ከሠርጓ የተረፈ ጠላ ቀዱልኝ። ያን ጊዜ በመዝገቡ ላይ «ተዛወረች» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን መስመር ያስተማርሁህ እኔ ልሆን እችላለሁ፤ ስለዚህ ማጥፋቱም የኔ ሥራ ነው።

ነገ ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው። ከጅብራ ሜዳ ወደ ከተማ የሚመጣው የተራራው መንገድ ወንዙን ስለማያቋርጥ፣ ሰዎቹ ሌሊት ተነሥተው ይወርዳሉ፤ ልጆቻቸውንም ይዘው እንዲመጡ ተስማምተናል፣ ለመቆጠር ሳይሆን ለመማር። ጣራውን ካልላካችሁላቸው ልጆቹ ወደ ጣራቸው ይመጣሉ። እኔም ነገ መጀመሪያ የማደርገው ይህ ነው። ዳዊቴን ደግሜ፣ መስመር ያሰመርሁበትን አዲስ መዝገብ እይዛለሁ። አዳራሹ ሳይከፈት ደጃፉ ላይ እቆማለሁ፤ ጠባቂው በላይነህ ተማሪዬ ስለነበር ያስገባኛል፤ ካላስገባኝም ቆርቆሮው ከደጃፉ ሁለት ክንድ ወጥቷል፣ እሱም «ጅ.ሜ.» ተጽፎበታል፣ ከሱ ሥር እንቀመጣለን። ልጆቹ እንዳይበርዳቸው መሐል ላይ አጠጋጋቸዋለሁ። ከዚያ እስክሪብቶዬን አውጥቼ በመጀመሪያው መስመር ላይ ማሬ ፈንታሁን ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ።